ቀይ ተራራ፣ ሰማያዊ ሸለቆ

ከሽሮ ሜዳ እስከ ቁስቋም በእግሬ የምወጣው ስፖርት ወድጄ አይደለም። ታክሲ ከተሳፈርኩ «ወራጅ አለ» ማለት አለብኝ። እነዚህን ሁለት ቃላት ሰው በታጨቀበት መኪና ውስጥ ጮክ ብሎ መናገር ለሌላው ቀላል ነው፤ ለእኔ ግን አደባባይ ወጥቶ ንግግር ከማድረግ አይተናነስም። ስለዚህ የተሳፈርኩ ቀን ሌላ ሰው «ወራጅ» እስኪል እጠብቃለሁ። ሌላ ሰው ካልወረደ መጨረሻው ድረስ እሄድና፣ እዚያ ጉዳይ እንዳለው ሰው ትንሽ ወዲያ ወዲህ ብዬ በእግሬ እመለሳለሁ። አንድ ጊዜ ረዳቱ «እህት፣ አልፈሽው ነው እንዴ?» ቢለኝ «አይ፣ ዘመድ ልጠይቅ ነው» አልኩትና፣ መኪናው እስኪሄድልኝ ከማላውቀው ሰው በር ላይ ቆምኩ። በሩ ተከፈተ። አንዲት ሴትዮ «ግቢ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል?» አሉኝ። ገባሁ። ምሳ በልቼ ወጣሁ።

ይህን የማወራችሁ ዓይን አፋርነት ምን ያህል ሥራ እንደሚያበዛ እንድታውቁልኝ ነው። ዓይን አፋር ሲባል ሰው ጥግ ይዞ መሬት የሚጭር ይመስላችኋል። የዓይን አፋርን ያህል የሚለፋ የለም! ተናጋሪ በአንድ ቃል የሚጨርሰውን ጉዳይ እኛ በሁለት ቀን ጉልበት ነው የምንጨርሰው። እኔ ደግሞ በቅርቡ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ አፍሬ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ተራራና ሸለቆ ስሠራ ከርሜያለሁ።

የምሠራው ሽሮ ሜዳ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ሱቅ ነው። ሥራዬ ማጠፍ ነው። ደንበኛ ይመጣል፣ አሥር ጋቢ ያስዘረጋል፣ «እስቲ ደግሞ ያንን» ብሎ አሥራ አንደኛውን ያስወርዳል፣ ከዚያ «ዞሬ እመጣለሁ» ብሎ ይሄዳል። በሽሮ ሜዳ ታሪክ ዞሮ የመጣ ሰው የለም። እሱ ሲሄድ እኔ አጥፋለሁ። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ቀሚስ፣ ጥግ ከጥግ፣ ጥለት ከጥለት። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ባቋርጥም፣ በማጠፍ ዲግሪ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ፎቶዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታዩት ነበር።

ጣጣው የመጣው ጎረቤታችን ያለው ሱቅ አንዲት አፈ ጮሌ ልጅ ሲቀጥር ነው። ልጅቷ በር ላይ ቆማ «የኔ ቆንጆ ግቢ! እናቴ ይግቡ! ማየት በነፃ ነው!» እያለች መንገደኛውን ሁሉ ትጠራርገው ጀመር። እትዬ ጥሩወርቅ ሁለት ቀን በዓይናቸው ተከታተሏትና በሦስተኛው ቀን ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ከሰኞ ሳምንት ጀምሮ አንቺም በር ላይ ቆመሽ ትጠሪያለሽ።»

«እሺ» አልኩ። እጄ ላይ የነበረውን ነጠላ ግን ሳላስበው ስምንት ቦታ አጠፍኩት።

«በይ አሁኑኑ ሞክሪው።»

አንዲት ሴት ስታልፍ «ይግቡ» አልኳት። ሴትዮዋ አልሰማችኝም። አጠገቤ የቆሙት እትዬ ጥሩወርቅም አልሰሙኝም።

«በይ እንጂ፣ አለፈች እኮ!»

«ብያለሁ፣ እትዬ።»

«መቼ?»

ሰኞ ሳምንት የሚባለውን ቀን ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ሆኜ ስጠብቅ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሜላት የምትባል ሴት መጣች። ሜላት አዲሱ ገበያ የሠርግ ዲኮር ትሠራለች። ለሙሽሮች ጠረጴዛ ጨርቅ ልትገዛ መጥታ ጨርቁን ትታ እጄን ታይ ጀመር።

«እጅሽ ማስመሪያ ነው እንዴ?» አለችኝ። «እንዲህ ልክክ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። እኔ ጋ ሥራ ትፈልጊያለሽ? የእኔ ሥራ አፍ አይጠይቅም፤ ቁጭ ብሎ በእጅ ነው።»

አፍ አይጠይቅም! ገነት እንደዚያ ያለ ቦታ ይመስለኛል። እትዬ ጥሩወርቅ ከወዲያ በኩል ከደንበኛ ጋር ስለሚከራከሩ አልሰሟትም። ሜላት ከቦርሳዋ አንድ የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት አወጣችና ዘረጋችልኝ። ወረቀቱ እኩል በእኩል ነው፣ ወርድና ቁመቱ አንድ ክንድ ይሆናል። ላዩ ላይ በቀይና በሰማያዊ ቀለም የተሠመሩ መስመሮች ወዲህና ወዲያ ይቆራረጣሉ፤ ኮከብ የሚመስል አለ፣ መስቀል የሚመስል አለ፣ የሸረሪት ድር የሚመስልም አለ። ለእኔ ዓይን ይህ የጥልፍ ንድፍ ነው። ጠላፊዎቻችን የሚያመጡት ንድፍ ሁሉ እንደዚህ ነው፤ ቀዩ በቀይ ክር፣ ሰማያዊው በሰማያዊ ክር።

ሜላት «ፈተናሽ ይቺ ናት። እስከ ዓርብ...» ስትል፣ በሩ ፊት ለፊት የቆመ ታክሲ ረዳት «አዲሱ ገበያ! አዲሱ ገበያ! ሁለት ሰው!» ብሎ ጮኸ። ከጩኸቱ ሥር የሰማሁት «ጥለፊልኝ» የሚል ነበር። እሺ አልኩ። ስልክ ቁጥሬን ጽፋ ሄደች።

አቡጀዲ ጨርቅ ገዛሁ። ወረቀቱን ጨርቁ ላይ አነጠፍኩና እንደ ደንቡ መስመር መስመሩን በመርፌ እየወጋሁ፣ በቀዳዳዎቹ የከሰል ዱቄት አሳልፌ ንድፉን ወደ ጨርቁ አወረድኩት። ከዚያ መጥለፍ ጀመርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ጠለፍኩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠለፍኩ። ሰኞና ማክሰኞ የምሳ ሰዓቴን ጠለፍኩ። መስመሩ አያልቅም። አንዱን ስጨርስ ከሥሩ ሌላው እንደ አረም ይበቅላል።

በወረቀቱ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ አጭር ቀይ መስመርና አንድ አጭር ሰማያዊ መስመር አለ፤ አጠገባቸው በእንግሊዝኛ አንድ አንድ ቃል ተጽፏል። እንግሊዝኛዬ ስድስተኛ ክፍል በር ላይ ቢቆምም የመጀመሪያውን አወቅሁት፤ «ማውንቴን» ነው፤ ተራራ። ሁለተኛው «ቫሌ» ምናምን ይላል። እህቴን ብርቄን ጠየቅኋት። ብርቄ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። በሁለት ክፍል ስለምትበልጠኝ የማታውቀውንም ታውቃለች።

«ቮሊ ነው» አለችኝ።

«ቮሊ ምንድን ነው?»

«ቮሊቦል ነዋ! ኳስ! እናንተን ምን ነበር የሚያስተምሯችሁ?»

«ተራራና ኳስ ለሠርግ ምን ያደርጋል?»

ብርቄ ትንሽ አሰበች። «ሙሽራው ኳስ ተጫዋች ሳይሆን አይቀርም።»

«ተራራውስ?»

«ሙሽሪት የእንጦጦ ልጅ ትሆናለች። ዝም ብለሽ ጥለፊ።»

ማክሰኞ ማታ መስመሩ ሁሉ ሲያልቅልኝ፣ በጨርቁ አንድ ጥግ ላይ ቀይ ተራራ፣ ከአጠገቡ ሰማያዊ ኳስ ጠለፍኩ። ኳሱ እንዲያውም ከሁሉ አማረልኝ።

ረቡዕ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ሜላት ናት። ከተደረደሩት ጋቢዎች ኋላ ተደብቄ አነሳሁት።

«እንዴት ሆንሽ? ማጠፉ አስቸገረሽ?»

«ምኑ?»

«ማጠፉ! ወረቀቱ! በነገራችን ላይ ሳልነግርሽ ሄድኩ። ጥጉ ላይ የተጻፈውን አየሽው አይደል? ቀዩ ተራራ ነው፤ ተራራ እንዲሆን ወደ ላይ ታጥፊዋለሽ። ሰማያዊው ሸለቆ ነው፤ ወደ ውስጥ ይገባል። ሁሉንም መስመር መስመር ካስያዝሽው በኋላ ባንዴ ትሰበስቢዋለሽ፣ መሠረቱ ይወጣልሻል። እሺ የኔ ቆንጆ?»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን አውቃለሁ?

አሁን እባካችሁ እነዚህን ሁለት ቃላት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በሉልኝ፤ እናንተ ማለት አያቅታችሁም። «እጠፊልኝ።» «ጥለፊልኝ።» አጠገባችሁ የታክሲ ረዳት እየጮኸ ድገሙት። ልዩነቱን የሰማ ካለ ጆሮውን ይባርክለት። ሴትዮዋ ወረቀቱን እጠፊልኝ ብላኝ፣ እኔ አራት ቀን ሙሉ ስጠልፈው ኖሬያለሁ! ሰው ወረቀት አጥፎ ወፍና እንስሳ እንደሚያወጣ በስልክ ቪዲዮ አይቼ አውቃለሁ፤ መስመሩ መታጠፊያው መሆኑን ግን በምን አውቃለሁ? ቫሌውም ሸለቆ ነው፤ ኳስ የሚባል ነገር በሠርጉ ውስጥ የለም።

ለምሳ ስወጣ እየሮጥኩ ወደ ጋሽ ካሳ ሄድኩ። ጋሽ ካሳ ከሱቃችን ጀርባ ያሉ ሸማኔ ናቸው፤ ብርቄም የምትሠራው እሳቸው ጋ ነው፣ ክር ታጠነጥናለች። ነገሩን ስነግራቸው ብርቄ ሳቋን መያዝ አቅቷት ክሩ ላይ ተደፋች።

«ወረቀት ጠለፈች ተብለሽ እንዳትታሰሪ!»

«ኳስ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ!»

«እኔ ጠልፈሽ አስቀሪው አልኩሽ? አሁን ደውዪና ተሳስቻለሁ በያት። ሰው አይደለሽ? ቃልሽን እጠፊ፣ አለቀ።»

ብርቄ ይህን ስትል ቀላል ነገር የተናገረች መስሏታል። ቃል ለማጠፍ እኮ መጀመሪያ መናገር ያስፈልጋል! ከዚያ ይልቅ ወረቀቱን አጥፌ ብሞት ይሻለኛል።

ወረቀቱን አወጣሁ። የመጀመሪያውን ቀይ መስመር ያዝኩና ልክ እንደ ጋቢ ጥግ ሰበር አደረግሁት። ቀጭ አለ። በመርፌ የወጋሁት ወረቀት አይደል? ልክ እንደ ቴምብር በቀዳዳው በኩል ለሁለት ሆነ። ሁለተኛውን መስመር በቀስታ ሞከርኩ፤ በቀስታ ለሦስት ሆነ። ምሳ ሰዓት ሲጋመስ ብርቄ ቁርጥራጩን በሰፌድ እየለቀመች ነበር።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ...» ብላ ጀመረች።

«ዝም በይ አንቺ!» አሏት ጋሽ ካሳ። እሳቸው እስከዚያ ድረስ የጠለፍኩትን አቡጀዲ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እያገላበጡ ነበር። «ይሄ እያለ ወረቀት ምን ያደርግልሻል? መንገዱ ሁሉ በክር ተሠርቷል። ቀዩን ወደ ላይ፣ ሰማያዊውን ወደ ታች ነው ያለችሽ? ጨርቁ የጎደለው ድርቀት ነው። ቀጠን ያለ የዱቄት ሙቅ ሥሪና ንከሪው። ሲደርቅ እንኳን ሊታጠፍ፣ በር ሆኖ ይዘጋል።»

ሙቅ ሠራን። ነከርነው። አጥር ላይ ሰጣነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል፤ አፌስ ዝም ነው ያለው፣ የሰፈሩ ዝንብ ግን ሙቅ የጠጣ ጨርቄ ላይ ለፀበል እንደመጣ ሰው ተሰበሰበ። የጋሽ ካሳ ጎረቤት ዶሮም አንድ ጊዜ ቀመሰችው። ብርቄ በክር መዘውሩ እንጨት እያባረረች ዋለች። ማታ ሲገባ እውነትም ቆርቆሮ ሆኗል።

ሐሙስ ለምሳ ጋሽ ካሳ ጋ ተሰበሰብን። በከሰል ካውያ እየተኮስኩ መስመሩን አንድ በአንድ አስያዝኩት፤ ቀዩን ወደ ላይ፣ ሰማያዊውን ወደ ታች። እስከዚያ ድረስ እጄ ያውቅበታል። ችግሩ «ባንዴ ትሰበስቢዋለሽ» የተባለው ላይ ነው። ይሄ ነገር እንደ ጋቢ አንዱን አጥፎ ወደ ሌላው የሚኬድበት አይደለም። ሁሉም ተራራ ባንድ ጊዜ መነሳት፣ ሁሉም ሸለቆ ባንድ ጊዜ መውረድ አለበት። በግራ እጄ አንድ ተራራ ሳነሳ በቀኝ በኩል ሁለት ሸለቆ ይከፈታል። ሸለቆውን ስዘጋ ተራራው ይተኛል። ጣቶቼ አለቁ።

«ጋሽ ካሳ፣ ይቺን ተራራ ይያዙልኝ» አልኩ። ያዙ። «ብርቄ፣ ሸለቆ!» ያዘች። አሁንም አልበቃም። ብርቄ ሁለት እጇ ስለተያዘ አንዱን ሸለቆ በጥርሷ ያዘችው።

በዚህ መሃል እትዬ ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆሙ። የምሳ ሰዓቴ አልፎ ኖሯል።

«አንቺ ልጅ! ሱቁ በደንበኛ ተሞልቶ... ምንድን ነው ይሄ?»

እሳቸው ሱቅ ተቀጥሬ ሳለ «ወደ ሌላ ሥራ መሸጋገሪያዬን እያጠፍኩ ነው» ብዬ እንዴት እላለሁ? መልስ የምትሰጠው ብርቄ ጥርሷ ሥራ ላይ ነው። እሷ ግን ሸለቆዋን ሳትለቅ በአፍንጫዋ «ስለት ነው!» አለች።

እትዬ ጥሩወርቅ ፊታቸው ተለወጠ። «የማርያም?»

ዝም አልን። ዝምታ እኔ ጋ ሲደርስ ሁሌም እሺ ተብሎ ይተረጎማል። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ተጠጉና «በሉ እኔም ከበረከቱ ልካፈል፣ የቱን ልያዝ?» አሉ። ኋላ ንስሐ እገባበታለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ሁለት ተራራ አስያዝኳቸው።

«እትዬ፣ ወደ ላይ ነው ተራራው።»

«ወደ ላይ ነው የያዝኩት!»

«ጋሽ ካሳ፣ ሸለቆው አመለጠ!»

«አላመለጠም፤ የእኔ ሳይሆን የብርቄ ነው ያመለጠው።»

«እምምም!» አለች ብርቄ፤ እሷም የጋሽ ካሳ ነው ማለቷ ነው።

ከሱቁ በኩል «ሰው የለም እንዴ?» የሚል ድምፅ ሲመጣ እትዬ ጥሩወርቅ ሄደው ሊያስተናግዱ አልቻሉም፤ ተራራውን ቢለቁ ሁሉም ይበታተናል። «ዞረሽ ነይ!» ብለው ጮኹ። ለደንበኛ ሲጮኹ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። እኔ መሃሉን በአውራ ጣቴ ወደ ውስጥ ገፋ አደረግሁት። አልገባም። እንደገና ገፋሁት። በድንገት ያ ክንድ የሚያህል ጨርቅ ከአራታችን እጅ ሾልኮ፣ እንደ ጃንጥላ ክፍትፍት ብሎ፣ መልሶ ተጨበጠ። ጠረጴዛው ላይ እጅ የሚያህል፣ አራት አምስት ሹል ነገር የወጣበት አንድ እንግዳ ፍጥረት ተቀመጠ።

አራታችንም ጎንበስ ብለን አየነው።

«የታል ጭንቅላቱ?» አሉ ጋሽ ካሳ።

«ጭራውስ?» አለች ብርቄ፣ ከምላሷ ላይ ሙቅ እየጠረገች። «የሞተች የሌሊት ወፍ ትመስላለች።»

«የዶሮ ብልት ነው፤ ተሳስቶ የተገነጠለ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፤ ከዚያ ስለት መሆኑ ትዝ ብሏቸው አማተቡ።

ያ የጠለፍኩት ኳስ ደግሞ ከሁሉም ቦታ መርጦ አንደኛው ሹል ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ እንደ ዓይን አፍጥጦ ያየኛል። ወፍ መሆን ነበረበት ብዬ አስቤ ነበር። ፈትቼ ልሞክር ብል እነዚያን እጆች ሁሉ ከየት አመጣለሁ? እንዳለ በፌስታል አድርጌ ያዝኩት። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው የነበረው በሩ ላይ ቆሜ «የኔ ቆንጆ ግቢ» ስል ነው።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ጥሩወርቅን አስፈቅጄ አዲሱ ገበያ ሄድኩ። ስለቱን ልታደርሺ ነው ብለው በደስታ ነው የለቀቁኝ። የሜላት ቦታ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ ሰፊ አዳራሽ ነው። ስድስት ልጆች ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ናፕኪን ያጥፋሉ። ሜላት ፌስታሉን ከፈተች። አወጣችው። ወዲህ አዞረችው፣ ወዲያ አዞረችው።

«ወረቀቱስ?»

ባዶውን ፌስታል አንስቼ ማጠፍ ጀመርኩ።

«ይሄ... ጨርቅ ነው? መስመሩን ጠልፈሽ ነው ያጠፍሽው?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ሐሰት የለበትም፤ ጠለፍኩ፣ ከዚያ አጠፍኩ።

«እንዲህ አድርጊ ማን አለሽ?»

እውነተኛው መልስ «አንቺ» የሚል ነው።

«ከራስሽ ያፈለቅሽው ነው?»

ጆሮም የበቀለው ራስ ላይ ስለሆነ አሁንም ነቀነቅኩ። ሜላት ሹሉን ጫፍ ወደ ብርሃን አደረገችው። «ዓይኑንም ሠርተሽዋል እኮ! ምን ዓይነት ልጅ ነሽ?»

ይሄን ጊዜ ኅሊናዬ ቆነጠጠኝና «ወፉ... ወፉ አልወጣልኝም» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

«ወፍ ማን አለሽ? መሠረቱን ነው ያልኩሽ!» ብላ ሳቀች። «ቤት ሲሠራ መጀመሪያ መሠረት አይደል የሚወጣው? ይሄውልሽ፣ ይቺ ሹል አንገት ትሆናለች፣ እነዚህ ሁለቱ ክንፍ። እሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሰው ሁሉ የሚያቅተው እስከዚህ መድረስ ነው። ከዚህ በፊት ለአራት ሰው ሰጥቼ አራቱም ቀዳደውት መጥተዋል። በቃ፣ ሥራው የአንቺ ነው!»

እኔ እንግዲህ አበቃልኝ ያልኩት ነገር ሆኖልኝ፣ ቁጭ ብዬ፣ አፌን ዘግቼ፣ ዕድሜ ልኬን ሳጥፍ ታየኝ። እግሬ መሬቱን ለቀቀ። ሜላት ግን ንግግሯን አልጨረሰችም።

«እነዚህን ስድስት ልጆች ታያለሽ? ሃያ ጠረጴዛ የሚጌጥበት ሠርግ አለብን፤ ለየጠረጴዛው አንድ አንድ እንደዚህ ያለ ያስፈልጋል። የምታስተምሪያቸው አንቺ ነሽ። እዚህ ፊት ለፊት ትቆሚያለሽ። ተራራ ስትይ ተራራ፣ ሸለቆ ስትይ ሸለቆ እያሉ ይከተሉሻል። አዳራሹ ሰፊ ስለሆነ ግን ጮክ ማለት ነው። ትችያለሽ አይደል?»

ስድስቱም ልጆች ቀና ብለው አዩኝ። ፊት ለፊት መቆም፣ ጮክ ማለት፣ ስድስት ሰው፣ አሥራ ሁለት ዓይን። አንድ ቃል አፌ ላይ መጣ፤ ልይዘው ብሞክርም አመለጠኝ።

«አልችልም!»

ድምፁ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ፣ ግድግዳውን ዞሮ ተመልሶ መጣ። አንዷ ልጅ የያዘችውን ናፕኪን ጣለች። ከውጭ ወንበር ተሸክሞ የሚያልፍ ሰውዬ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ አንገቱን አስገባ። ጣራው ላይ የነበሩ ርግቦች ሲነሱ እግራቸው ቆርቆሮውን ሲቧጥጥ ሰማሁ።

ሜላት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች።

«እንዲያውም ትንሽ ቀነስ ታደርጊዋለሽ» አለችኝ። «ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት።»